ቅቤ የበሉት ጥንቸሎች

ባለፈው ሳምንት በከተማው ባቡር ስሄድ አውቶቡስ ተራ ፌርማታ ላይ አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በዘንቢል ይዛ ገባች። ባቡሩ እንደ ልማዱ ሞልቶ ነበር። ቀኑ ሞቃት ስለነበረ ቅቤው ማላብ ጀምሯል። አጠገቧ የቆመች ወጣት በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፈነች፤ አንድ ሰውዬም የማይከፈተውን መስኮት ለመክፈት ሲታገል አየሁት። እኔ ግን ሰዉን በትከሻዬ እየገፋሁ ወደ ሴትዮዋ ተጠጋሁ። ለጋም አይደለም፣ በሳልም አይደለም፤ በመካከል ያለ፣ ጥቂት የጭስ ሽታ የያዘ ቅቤ ነው። እንዲህ ያለውን ካሸተትኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሴትዮዋ መጠጋቴን አይታ፣ «እማማ፣ ልሽጥልዎት?» አለችኝ። ድሮ እኔ ነበርኩ ሻጯ አልኳትና ሁለታችንም ሳቅን። መውረጃዬን አንድ ፌርማታ አልፌ ነው የወረድኩት።

መርካቶ የነበረው የቅቤ ሱቃችን ከበርበሬ በረንዳ ብዙ አይርቅም ነበር። ነፋስ በዚያ በኩል ሲነሳ የበርበሬው ብናኝ እኛ ድረስ ይመጣና ገዥና ሻጭ ዋጋ ሳይቆርጡ አብረው ያስነጥሳሉ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ዓመቱን ብጠየቅ በትክክል አልናገርም። የማስታውሰው ሌላውን ነው። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አውጥተው አንዱ የሌላውን ዘፈን ሊውጥ ይፎካከራል። ወንዶቹ ትከሻው ያበጠ ኮትና ሰፊ ሱሪ ይለብሳሉ። ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሽብሽብ ቀሚስ አምሮባቸዋል። እኔ በቀሚሴ ላይ ሰማያዊ ሽርጥ አሥሬ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ነበር የምውለው፤ አለዚያ ማታ ቤት ስገባ ራሴ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ዛሬ ሁለት ዳቦ በሚገዛው ብር ይገዛ ነበር። ሰው ያኔም ተወደደ ብሎ ያማርር ነበር። አሁን ያ መንገድ ላይ ቁመታቸው ሰማይ የሚደርስ የመስታወት ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ሱቃችን የነበረበትን ቦታ ብፈልግም በርግጠኝነት እዚህ ነው ማለት አልችልም።

ባለቤቴ ሽፈራው ከልጅነቱ ጀምሮ ቅቤ ነጋዴ ነው። እጁን የጨበጠ ሰው መዳፉ ሲያንሸራትተው ይሥቃል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ ስቀር አገባሁት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሱና ሱቁ ሆኑ። ቅቤ ሲመጣለት ቀጭን እንጨት እስከ ታች ድረስ ይሰካና አዙሮ ያወጣዋል፤ ተንኮለኛ ሻጭ ክብደት ለመጨመር ሙዝ የሚደብቀው መሀል ላይ ነውና። ከዚያ ያሸታል፣ በእጁ ጀርባ ላይ አሽቶ ያቀልጠዋል፣ በመጨረሻ ይቀምሳል። በጾም ቀን ምላሱን አያስነካም፤ በአፍንጫው ብቻ ይፈርዳል። በሌላው ቀን ግን ከማለዳ እስከ ምሽት ሲቀምስ ይውላል። ጠዋት ደግሞ ከቤት ሳይወጣ በትንሽ ሲኒ የቀለጠ ቅቤ ይጠጣል። ጨጓራዬን ያለሰልስልኛል ይላል። መርካቶ ውስጥ ከአንገት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው፤ መድኃኒቱም ወይ ተልባ ነው ወይ ቅቤ። እኔም ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

ዶክተር ኃይሉ ወደ ሱቃችን የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ምርምርም ይሠራል። ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ቅቤ በየሳምንቱ እፈልጋለሁ አለ። ሽፈራው ለሆቴል ነው ወይስ ለሠርግ ብሎ ሲጠይቀው፣ ለጥንቸል አለን። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎን ነበር። እሱ ግን ተረጋግቶ አስረዳን። ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች ውስጥ ስብ እየተጋገረ መንገዱን ያጠብባል፤ ሰው ላይ ይህ ብዙ ዘመን ይፈጃል፤ በሕይወት ያለን ሰው ደም ሥር ደግሞ ቆርጦ ማየት አይቻልም። ጥንቸል ሣር እንጂ ስብ እንድትበላ ስላልተፈጠረች ቅቤ ከመኖዋ ጋር ተለውሶ ሲሰጣት ያው ነገር በጥቂት ወራት ይታይባታል። ከፊሎቹ ሣርና መኖ ብቻ ይበላሉ፣ ከፊሎቹ ቅቤ የተለወሰበት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቅቤውን ከጀመሩ በኋላ ይከለከላሉ። ቅቤው ውስጥ ባዕድ ነገር ከገባ ግን የትኛው ምን እንዳመጣ ስለማይታወቅ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሽፈራው ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። ለሰው ከሚሸጠው ይልቅ ለጥንቸሎቹ የሚያስቀምጠውን አጥብቆ ይመረምር ጀመር።

ወሬው በአንድ ቀን ተራውን አዳረሰው። አንዱ ደላላ ዶክተሩ በመጣ ቁጥር ይጠብቀውና፣ «ዶክተር፣ ለጥንቸልነት ሰው አትቀጥሩም? ቅቤ ካበላችሁኝ ሣሩንም እችለዋለሁ» ይለዋል። ወደ ሱቃችን በሚያወጣው ዳገት መሀል ላይ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡት ሐጂ ኑሪ ደግሞ፣ የማይበላ ሥጋን በቅቤ ማሳደግ ዛሬ ገና አየሁ እያሉ ይስቃሉ። ሐጂ ኑሪ የሽፈራው የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ በበዓላችን እሳቸው፣ በበዓላቸው እኛ ሳንጠያየቅ ቀርተን አናውቅም። ሽፈራው ቀልዱን ሁሉ በደስታ ይቀበላል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነው ነበር፤ ቅቤዬ መርዝ ነው ማለትህ ነው ወይ ብሎ ዶክተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቆታል። ዶክተሩም መርዝ አይደለም፣ የሚበዛበትና የማይስማማው አካል አለ እንጂ ብሎ ይመልስለታል። ሽፈራው መልሱን አይወደውም ነበር፤ ቅቤውን መስጠት ግን አላቋረጠም። ጥንቸሎቹንም አንድ ቀን ላያቸው ይገባል ይል ነበር።

በዚያው ሰሞን ሽፈራው አንድ አዲስ ጠባይ አመጣ። ቤታችን ከታች ስለነበረ ጠዋትም፣ ከምሳ በኋላም ወደ ሱቁ የምንሄደው ዳገት ወጥተን ነው። እሱ በመንገድ ላይ የሚያባክነው ጊዜ የሌለው፣ ሰላምታ እንኳ እየተራመደ የሚሰጥ ሰው ነበር። አሁን ግን በየሱቁ በር እየቆመ ዋጋ ይጠይቅ ጀመር። ድስት ሻጩ ጋ ቆሞ የድስቱን፣ ፍራሽ ሻጩ ጋ ቆሞ የስፖንጁን፣ ሐጂ ኑሪ ጋ ቆሞ የጨርቁን ጥቅል ይጠይቃል። መልሱን በጥሞና ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ምንም ሳይገዛ ይሄዳል። በማግስቱ ያንኑ ዕቃ እንደገና ይጠይቃል።

መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ሳይገዛ የሌላውን ዋጋ በየቀኑ ከጠየቀ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ንግድ ሊለውጥ ነው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሳምንት ሳይሞላ ሽፈራው ቅቤውን ትቶ ጨርቅ ሊጀምር ነው ተባለ። ሌላው ጨርቅ አይደለም ፍራሽ ነው አለ። ያ ደላላ ሶማሌ ተራ ላይ የሚለቀቅ ሱቅ አግኝቼላችኋለሁ ብሎ መጣ፤ እንዳልሰማን ስነግረው ዓይኑን ጠቅሶኝ ሄደ። ከገጠር ቅቤ የሚያመጡልን ደንበኞች ለሌላ ነጋዴ እንስጥ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሐጂ ኑሪ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ሽፈራው በሌለበት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«እትዬ ዘነበች፣ ጎረቤት ነን። ሽፈራው ጨርቅ ሊጀምር ከሆነ ከደላላ አፍ ከምሰማው ከእሱ ብሰማው ይሻለኝ ነበር» አሉኝ።

የማውቀው ነገር የለም አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ እሳቸው ግን ያመኑኝ አልመሰለኝም። ማታ ለሽፈራው ነገርኩት። ዋጋ መጠየቅም ቀረጥ ተጣለበት እንዴ ብሎ ሳቀና ፊቱን አዞረ። እኔም እንደ ሰዉ ሊደብቀኝ የፈለገው የንግድ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ተቀየምኩት፤ ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሳሁበትም። እንግዲህ ሕመም መሆኑን የጠረጠረ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ሁላችንም ነጋዴዎች ነበርንና የታየን ንግድ ብቻ ነው።

የገባን በአንድ ዓርብ ነው። ዶክተሩ ቅቤውን ሊወስድ መጥቶ፣ በአንዋር መስጊድ በኩል መንገዱ በሰጋጆች ስለተዘጋ መኪናውን ታች እኛ ሰፈር አቁሞ ነበር። ከምሳ ስንመለስ አገኘንና አብረን ወጣን። ሰጋጆቹን ላለማወክ በዋናው መንገድ አልሄድንም፤ በጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ነው የታጠፍነው። ያ መንገድ ከዋናው ይልቅ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ በግራና በቀኙም ሱቅ የሚባል የለበትም። አንድ ትልቅ ግቢ ያጠረ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። እኔ ከፊት ነበርኩ። ዞር ስል ሽፈራው ቆርቆሮው ፊት ለፊት ቆሟል። አጥሩን ትኩር ብሎ ያየዋል፤ አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገብቷል። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፤ ቀኑ ደግሞ ደመናና ብርድ ነበር። ዶክተሩ ከጎኑ ቆመ። ሽፈራው ዞር ሳይል፣ «ይሄ ቆርቆሮ ውፍረቱ፣ ጌጁ ስንት ይሆን?» አለ።

ዶክተሩ ፊቱን አየው፣ እጁን አየው፣ እኔንም አየኝ። ጥቂት ቆይቶ ሽፈራው እጁን ከኮቱ አወጣና ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጠለ። ሱቁ ስንደርስ ዶክተሩ ቅቤውን ተቀበለና፣ ጥንቸሎቹን አሳያችኋለሁ ብዬ ሳልወስዳችሁ ቀረሁ፣ ሰኞ ልምጣ አለ። ሽፈራው ደስ አለው። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። የቆርቆሮው አጥር ከፊቴ አልጠፋ አለ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ንግድ እንዳልሆነ ግን አውቄ ነበር። ሰኞ እስኪደርስ በየማለዳው ከኋላው እየሄድኩ ኮቱን ስመለከት ነበር።

ጥንቸሎቹ ያሉበት ቤት ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ረጅም ክፍል ውስጥ በየሽቦ ቤታቸው ተደርድረዋል። እኔ የታመመ እንስሳ አያለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሁሉም ነጫጭ፣ ፀጉራቸው የሚያብረቀርቅ፣ አፋቸውን ሳያርፉ የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። ሽፈራው እንደ ገዥ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከዚያ አንዷን አሳየ፤ ከሁሉ ጤነኛዋ ይህች ናት፣ ዓይኗን ተመልከቱ አለ። ዶክተሩ እሷ የእርስዎን ቅቤ የበላች ናት አለው። ከዚያም ወደ ጎን ክፍል አስገባንና በብልቃጥ ውስጥ ያለ ነገር አሳየን። የሷ እኅት ደም ሥር ነው፣ እሷም እስከ መጨረሻው ቀን እንዲሁ ታምር ነበር አለን። ለጥናቱ በመድኃኒት ተኝታ ነው የሞተችው። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ፤ ይህኛውን ሥራ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም አለ። ደም ሥሯ በርዝመቱ ተከፍቷል። ውስጡ ልሙጥ መሆን ሲገባው ቢጫ ነገር ተጋግሮበት፣ ቅቤ ሲቀመጥበት ኖሮ ያልታጠበ ቅል ይመስላል። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። እንዳያሸተው ፈርቼ ነበር፤ ልማዱ ነውና።

ዶክተሩ ብልቃጡን መለሰና ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ጋሼ ሽፈራው፣ ጥንቸል ሕመሟን አታሳይም። ዱር ውስጥ ካሳየች አውሬ ይበላታል። ስለዚህ እኔ የማውቀው ከሞተች በኋላ ነው። እርስዎ ግን አፍ አለዎት። ዳገቱ ላይ ለምን እንደሚቆሙ ይንገሩኝ።»

ሽፈራው መጀመሪያ እኔን አየኝ። ውጪ እንድወጣ የፈለገ መሰለኝ፤ አልወጣሁም።

«ደረቴ ላይ ኩንታል ይጫናል» አለ። «እስከ መንጋጋዬ ይይዘኛል። ስቆም ይወርድልኛል፤ ስሄድ ደግሞ ይመጣል። ጨጓራዬ ነው።»

«ታዲያ ዋጋ ለምን ትጠይቃለህ?» አልኩት እኔ።

«ዝም ብሎ የቆመ ሰው ታመመ ይባላል። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ግን ነጋዴ ነው።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ታመመ የተባለ ነጋዴ ዘንድ ማን ቅቤውን በዱቤ አምኖ ጥሎ ይሄዳል? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሌላ ዘዴ አይመጣልኝም ነበር። ዶክተሩ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ሰው አላክምም፤ የምጠረጥረውን ግን እነግርዎታለሁ አለ። በማግስቱ ጠዋት አብራው የተማረች አንዲት የልብ ሐኪም ዘንድ ሊወስደን ቀጠሮ ያዘ። ሽፈራው መጀመሪያ ጠበል ልግባ አለ። ዶክተሩ ሁለቱንም ያድርጉ፣ ሐኪሟን ግን ያስቀድሙ፣ እስከዚያም ዳገት አይውጡ አለው። እኔ ጠበሉ የትም አይሄድም አልኩ። በትዳራችን ቃሌን ያን ያህል ያጠነከርኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ሆስፒታሉ ውስጥ የጠበቅሁበት አግዳሚ ወንበር አረንጓዴ ነበር። ከአጠገቤ ከጎጃም የመጡ ሴትዮ ልጃቸውን ይጠብቃሉ፤ እያዋሩኝ ነበር፣ የተናገሩት ግን አንዱም ጆሮዬ አልገባም። እኔ የማስበው ስለዚያ ብልቃጥ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ልነሳ እልና እቀመጣለሁ። ሽፈራውን በልብ ማንበቢያ መሣሪያ መረመሩት፣ እንደገና በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ እያራመዱ መረመሩት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ እኔንም አስገባችኝ። የጠረጠርኩትን የክፉ ዜና ፊት ልፈልግባት ብሞክር አላገኘሁባትም። ልብን ከሚመግቡት ደም ሥሮች የጠበበ አለ አለች፤ አልተዘጋም ግን። ልቡ እስካሁን አልተጎዳም። በመድኃኒት ይያዛል፣ ብትቆዩ ግን አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ይቀር ነበር፣ ደግ አደረጋችሁ መጣችሁ አለችን። በየቀኑ የሚውጠውን መድኃኒት ጻፈችለት፤ ሲይዘው ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ትንሽ ክኒንም ሰጠችው። የጠዋቱን ቅቤ ከልክላ፣ በዝግታ እንዲራመድ አዘዘችው። ሽፈራው ሁሉንም ሰምቶ፣ ጨጓራዬስ ብሎ ጠየቃት። ጨጓራዎት ደኅና ነው፣ እሱን ይተውት አለችው።

ስንወጣ በሩ ላይ አንዲት ሴት ሙዝ ትሸጥ ነበር። ከዓርብ ጀምሮ የበላሁት እንዴት እንደወረደ አላውቅም ነበር፤ እዚያው ቆሜ ሁለት ሙዝ በላሁ። ሽፈራው ልጣጩን ተቀብሎኝ ያዘልኝ። ከዚያ ሰው ሲያለቅስ እንደማይወድ ስለማውቅ ነጠላዬን አስተካከልኩና ታክሲ ጠራሁ።

ለሐጂ ኑሪ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳቁ፤ እኔ እኮ ለልጆቼ ሽፈራው ሊፎካከረን ነውና ዋጋ ቀንሱ ብያቸው ነበር አሉ። በማግስቱ ስናልፍ በሱቃቸው በር ላይ የእንጨት ወንበር ወጥቷል።

«ሽፈራው፣ ቁጭ በል» አሉት። «ጨርቁ ዋጋው ያው የትናንቱ ነው።»

ተቀመጠ። ሰው ሁሉ እያየው ተቀመጠ። ቅቤ የሚያመጡት ሰዎች እንደ ፈራው አልሸሹም፤ አንዳንዶቹማ ማር ይዘውለት መጡ። ሽፈራው ከዚያ ወዲያ ቅቤ መቅመስ ተወ፤ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጾም ቀን በአፍንጫው ብቻ ይፈርድ ነበር። አፍንጫውም አላሳፈረውም። የዶክተሩ ጥናት ካለቀ በኋላ ቅቤ ከተከለከሉት ጥንቸሎች ብዙዎቹ ካልተከለከሉት ይልቅ ደም ሥራቸው የተሻለ ሆኖ እንደተገኘ ነገረን። ሽፈራው ይህን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። ለጥንቸሎቹ ክብር መሰለኝ።

ያን ሁሉ እያሰብኩ ነው ባለፈው ሳምንት አንድ ፌርማታ አልፌ የወረድኩት። አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በሩን ስከፍት ሽፈራው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ፀጉሩ ከነጣ ቆይቷል፤ እጆቹ ግን ያው ለስላሳ ናቸው።

«የት ቆየሽ?» አለኝ። «እኔ ዳቦ ልገዛ ወርጄ ደረጃው ዛሬ ከበደኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረቴን ያዝ አደረገኝ፣ ቁጭ አልኩ፣ ክኒኗን ከምላሴ ሥር አደረግሁ፣ ተወኝ። ነገ ለሐኪሟ እንነግራታለን።»

እሺ አልኩት። ድሮ እንዲህ ቢለኝ የምደነግጥ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን የሚያስደነግጠኝ ግን ዋጋ ቢጠይቀኝ ነው። ዘንቢሌን አስቀመጥኩና ከብርቱካኑ ግማሹን ተቀበልኩት።